እንትፍታ የማያሳልፍ ማስክ

አባቴ ከፊት ሁለት ጥርስ የላቸውም። ይህን የማወራው ገመናቸውን ለማውጣት አይደለም፤ የዚያ ዓመት ጣጣችን ሁሉ የወጣው በዚያች ክፍተት በኩል ስለሆነ ነው። ሰው ሲመርቁ ማሳረጊያው ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ» ይላሉ፤ ሦስቴ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሽማግሌ እንትፍ ሲል ለወጉ ያህል ነው፤ ድምፁ እንጂ ሌላው አይደርስም። የአባቴ ግን ይደርሳል። ግንባርህ ላይ ይደርሳል፣ መዳፍህ ላይ ይደርሳል፣ አጠገባቸው ሻይ ይዘህ ከተቀመጥክ ሻይህም ውስጥ ይደርሳል። ሰዉም የሚወድላቸው ይህንኑ ነው።

ቤታችን ፉሪ ዳገቱ ላይ ነው፣ ፊቱን ወደ ሰበታ አዙሮ። አባቴ በጉብዝናቸው ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ የቀረቻቸው ጓሮዋ ናት፣ ጎመንና ቀይ ስር ይተክሉባታል። ከእርሻው ይልቅ የተረፋቸው ምርቃታቸው ነው። ሚኒባስ የገዛ፣ ልጁን ለፈተና የሚልክ፣ ሙግት ያለበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ኦቦ፣ ይመርቁኝ» እያለ ይመጣል። ከሱሉልታ ድረስ የሚመጣ አለ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይመርቁና «ሆራ ቡላ!»፣ ርቡ ኑሩ እንደማለት፣ ብለው ሲያሳርጉ ሰዉ «አሜን!» ይላል፤ ከዚያ እንትፍታው ይከተላል።

እኔ በዚህ ነገር አላምንም ነበር። ሰበታ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለአሥራ አንድ ዓመት ኪውሲ ሆኜ ሠርቻለሁ። ኪውሲ ማለት የተሰፋውን እያገላበጠ ደህናውን የሚያሳልፍ፣ የተበላሸውን «ሪጀክት» ብሎ የሚወረውር ሰው ነው። ሥራው ጠባይ ያበላሻል። ሰው ቤት ተጋብዤ እንኳ የጠረጴዛ ልብሱን ስፌት ገልጬ ካላየሁ ምግቡ አይወርድልኝም። ባል ያላገባችው ስንቱን ሪጀክት እያደረገች ነው ብለው ጎረቤቶቼ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ኮሮና የገባ ጊዜ ፋብሪካው «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» አለን። እኔ የተጨነቅኩት ስለ ፋብሪካው አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አባቴን የሳንባ ምች ይዟቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሲወጡ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና «እናቴ፣ ከእንግዲህ ጉንፋን እንኳ የሚችል ሳንባ የላቸውም» አለኝ። የእኔ እኩያ ሆኖ እናቴ ማለቱ ቢያናድደኝም ቃሉ ከሆዴ አልወጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ ገና በሬዲዮ «ሳንባ» የሚል ቃል ስሰማ በሩን ዘጋሁ። ካርቶን ቆርጬም ከውጭ በኩል ለጠፍኩበት፦ «ምርቃት ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል።»

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወጥተው አነበቡት።

«ማን ነው ያቋረጠው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ የሰጠሽውን አቋርጪ» ብለውኝ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በጉሮሮ ጠረጋ ብቻ ሆነ። አንድ «እህም» ውሃ ማለት ነው፣ ሁለት «እህም» መስኮቱን ዝጊ። እኔ ደግሞ እህም ባሉ ቁጥር ሳል እየመሰለኝ ከጓዳ በርሬ እመጣለሁ፤ ሳይናገሩኝ ያዩኛል፣ ሳልናገራቸው እመለሳለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ግትር ነን።

እንዲህ ተኳርፈን ሳለን ከቡራዩ ስልክ ተደወለ። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ባሏ ቤት የሠራው ገፈርሳ አጠገብ ነው። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ሦስተኛዋ ነው፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ ወርዶባታል። የመጀመሪያው ጊዜ ማናችንም ሳናውቅ ሆኖ አለፈ። በሁለተኛው ግን «መጥቼ አባባ ይመርቁኝ» ስትለኝ፣ «ምን ያንከራትትሻል፣ የሐኪም ክትትልሽን ብቻ አታቋርጪ» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በአምስተኛ ወሯ ወረደ። ማንም አልወቀሰኝም፣ እሷም አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልኳን ባየሁ ቁጥር ሳላነሳው ወሯን በጣቴ እቆጥራለሁ።

«አክስቴ፣ ዘንድሮ አባባ ሳይመርቁኝ አልወልድም» አለችኝ።

አልወልድም! መውለድ በእሷ ፈቃድ ይመስል።

«በስልክ ይመርቁሽ» አልኳት። አባቴ ስልኩን ተቀብለው ሙሉውን መረቁ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሳያጎድሉ። ማሳረጊያው ላይ ሲደርሱ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ፊት ለፊት ያዙትና እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት። ስልኬ ጠፋ። ጠራርጌ፣ ሩዝ ውስጥ ቀብሬ አሳድሬ በማግሥቱ ስደውልላት «አልደረሰኝም» ብላ ታለቅሳለች። አባቴም «በብረት እንዴት ይደርሳታል?» አሉ። እህም ትተው በቃል የተናገሩኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ልትመጣ ነው። ከቡራዩ እስከ እኛ ድረስ ሦስት ሚኒባስ ትቀይራለች። ያኔ ሚኒባስ ውስጥ ማስክ የሚደረገው ፖሊስ ሲታይ ነበር፤ ረዳቱ «ማስክ! ማስክ!» ይላል፣ ሁሉም ከኪሱ ያወጣል፣ ፖሊሱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ኪሱ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወጥታ አባቴ ፊት ልትቀመጥ ነው። እንዳትመጣ ብከለክላት ደግሞ፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሁለተኛ ጊዜ ያስቀረኋት እኔ ልሆን ነው። ይህንን አልችለውም፤ የሚችል ካለ ይምጣና ይቻለው። ስለዚህ ያለኝ አንድ መንገድ ማስክ ነው፤ አባቴም ያደርጋሉ፣ እሷም ታደርጋለች፣ በረንዳ ላይ ይመረቃል፣ ያልቃል። ቀላል ነገር መሰለኝ።

ማስክ የሚሸጠው ጎረቤታችን ሱቅ ነው። ባለሱቋ ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናት፣ ምላሷ ከእኔ አያንስም። ለደንበኛ ሁሉ የክብሪቱን ፈተና ያስተማረችው እሷ ናት፤ ማስኩን አድርገህ ክብሪት ትለኩስና እፍ ትላለህ፣ ካልጠፋ ማስኩ ደህና ነው። አራት ዓይነት ሰጠችኝ። አባቴ በአራቱም አጠፉት። እኔ ራሴ በሦስት ድርብ አቡጀዲ የሰፋሁትንም አድርገው አጠፉት። ነፋሱ በዚያች ክፍተት ተሰብስቦ ነው የሚወጣው፤ አንድ ጊዜማ ክብሪቱን ከእጄ ላይ ወሰደው። ባለሱቋ ሱቋን ዘግታ መጥታ ስታይ፣ «ወላሂ፣ እኚህ ሰውዬ ፍሬን እንጂ ማስክ አይበቃቸውም» አለች።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ክብሪት የሚለካው ነፋስ ነው፤ እኔ የምፈልገው ምራቅ ነው። እፍታ ሌላ፣ እንትፍታ ሌላ። ምራቅ ደግሞ አይታይም።

መልሱ የመጣው ከምሳ ነው። አባቴ ቀይ ስር በሎሚ ይወዳሉ፤ ጎርሰው ሳሉ አስነጠሳቸው። ነጭ ጋቢያቸው ቀይ በቀይ ሆነ። ጋቢውን ከላያቸው ገፍፌ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። መሃሉ ላይ የተከማቸ፣ ዳር ዳሩን የሳሳ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው የሚቆጠር! ይህን ሁሉ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ነቁጥ ስቆጥር የኖርኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። «ጋቢዬን» ይላሉ አባቴ ከኋላዬ፤ ማን ሰምቷቸው።

በማግሥቱ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ሰቅዬ በመቆንጠጫ ያዝኩት። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመርኩ። አባቴ በቀይ ስር ውሃ ተጉመጥምጠው፣ ማስኩን አድርገው፣ መስመሩ ላይ ቆመው እንትፍ ይላሉ፤ እኔ አቡጀዲው ላይ የደረሰውን ነጥብ እቆጥራለሁ። ሁሉን አዘጋጅቼ «በሉ፣ አባዬ» ስላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንን?» አሉኝ።

«ምን ማንን?»

«ማንን ነው የምመርቀው?»

«ማንንም አይደለም። አቡጀዲው ላይ እንትፍ ይበሉ፣ በቃ።»

«እንትፍታ በባዶ አይባልም። ሳይመርቁ እንትፍ ማለት ስድብ ነው። አቡጀዲው ምን አደረገኝ?»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የልብስ ስፌት መኪናዬን አውጥቼ ከአቡጀዲው ጀርባ አስቀመጥኩላቸው። እሱን እሺ አሉ። «መርፌሽ አይሰበር፣ ክርሽ አይበጠስ» ብለው እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። የመጀመሪያው ማስክ ሪጀክት። ሌላ ሰፋሁ፤ ያን ቀን የውሃ ሮቶውን መረቁት፣ «አትጉደል» ብለው። እሱም ሪጀክት። መጥረጊያው ተመረቀ፣ አካፋው ተመረቀ፣ የበሩ ቁልፍ ተመረቀ። ቀጥሎ የባለሱቋ ዶሮ ሆነች፤ ከአቡጀዲው ጀርባ ታቅፋት የቆመችው ራሷ ናት፣ እየተንከተከተች። ማስኩ ሪጀክት ሆነ፤ ዶሮዋ ግን በማግሥቱ ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል ጣለች።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ። ሱቁ አለ፣ ምላሷም አለ። እንቁላሉ በተጣለ በሦስተኛው ቀን በራችን ላይ ሰው ተሰለፈ። ወጥቼ ካርቶኑን አሳየኋቸው።

«እኛ ለምርቃት አይደለም የመጣነው» አሉኝ፤ «ለሙከራው ነው። ከጀርባው የሚቆም አያስፈልግሽም?»

ጉድ እኮ ነው፣ ያስፈልገኛል! የሚመረቅ ዕቃ ጨርሻለሁ። ደግሞም፣ አልኩ ለራሴ፣ ሰዉ ከአቡጀዲው ወዲያ ነው፣ አባቴ ከአቡጀዲው ወዲህ ናቸው፣ መሃል ላይ ማስክ አለ፣ ምን ይሆናል? ሁለት ሁለት ሜትር እያራራቅኩ፣ ማስክ ያላደረገውን እየመለስኩ አንድ አንዱን አስገባ ጀመር። በሽታ ፈርቼ የዘጋሁትን በር ማስክ ልሞክር ብዬ ከፈትኩት፤ ከድሮውም የበለጠ ሰው ገባበት። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን አልታየኝም፤ ቆጠራው ይዞኛል።

አባቴማ አበቡ። ማልደው ተነስተው ቀይ ስራቸውን ከጓሮ ነቅለው አጥበው ይጠብቁኛል። «ዛሬ ስንት ማስክ አለሽ?» ይሉኛል፣ የቀን ሥራ እንደሚጠይቅ ሰው። አንድ ጠዋት ባለሱቋ፣ «የአንቺስ አይለካም እንዴ? ስትቆጪ እኮ እኔ ሱቅ ድረስ ይደርሳል» አለችኝ። እሺ ብዬ ተጉመጥምጬ፣ ያለ ማስክ መስመሩ ላይ ቆምኩ። እንትፍ ማለት አላውቅበትም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምናገረውን ተናገርኩ፤ ጫማችሁን ውጭ አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ማን ነው ያን በር ክፍት የተወው፣ ስንቴ ልናገር። ዞሬ ሳየው አቡጀዲው በርበሬ የተሰጣበት መስሏል። የእኔ ቁጣ ከአባቴ ሦስት እንትፍታ በለጠ። አባቴ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ እስኪያልባቸው ሳቁ። «እህስ፣ ማስኩ ለማን ነው የሚያስፈልገው?» አሉኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከታረቅን ያን ቀን ታረቅን።

ችግሩ ሌላ ነው። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከሱሉልታ መጣ። ከአቡጀዲው ጀርባ ቆመ፣ ተመረቀ፤ እኔ ነጥቡን ቆጥሬ አቡጀዲው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ «ሪጀክት» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው አልሄድ አለ።

«እህቴ፣ ይቺን ቀይዋን ቆርጠሽ ስጪኝ። መኪናዬ ውስጥ ላንጠልጥላት።»

«እሷ እኮ የተበላሸችው ናት» አልኩት።

«የተበላሸችው ለአንቺ ነው» አለኝ።

እንዲሄድልኝ ብዬ ቆርጬ ሰጠሁት። አልሰጥም ብዬ ቢሆን ኖሮ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ቁራጩን ካልወሰድኩ አለ፤ ነጥብ የበዛበት ይመረጣል፣ ይሻሙበታል። የተሻለ ማስክ ሰፍቼ በመጣሁ ቁጥር ሰልፉ ያጉረመርማል። አንዲት እናት «ኧረ የትናንቱን አድርጊላቸው፣ እኔስ ልጆች የለኝም?» ብላ ጮኸችብኝ። ባለሱቋ ዘንድ ሄደው «ኦቦን የሚያሳልፍ ማስክ አለሽ?» የሚሏትም ነበሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሪጀክት አምጪ ብሎ የተሰለፈ ደንበኛ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ግን ሆነልኝ። ባለ አራት ድርብ ነው፤ ሁለቱ አቡጀዲ፣ አንዱ የኮት ገበር፣ መሃል ላይ ደግሞ አስቤዛ የምንሸከምበት የጨርቅ ፌስታል። አፍንጫው ላይ ሽቦ አስገባሁበት፣ ጉንጩ ላይ እንዳይከፈት ጠርዙን በላስቲክ ሰበሰብኩት። አባቴ ተጉመጠመጡ፣ መረቁ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አሉ። አቡጀዲው ነጭ ነው። ቀርቤ አየሁት፣ በፀሐይ አየሁት፣ የእሳቸውን መነጽር አድርጌ አየሁት። አንዲት ነጥብ የለችም። እልል አልኩ፣ ብቻዬን። ከአቡጀዲው ጀርባ የቆሙት አሮጊት አንገታቸውን በጎን ብቅ አድርገው «ለእኔስ?» አሉ።

አባቴ ማስኩን አውልቀው ውስጡን ገለጡት። ውስጡ በሙሉ ቀልቷል። «ሁሉም እዚህ ቀረ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰዉን ከእኔ ነው እንዴ የምታድኚው?»

«እርስዎን ነው የማድነው፣ አባዬ። የሚወጣውን ከያዘ የሚገባውንም ይይዛል።»

«እና ለዚያች ልጅ ምን ልስጣት? ባዶ?»

«ቃሉ ይደርሳታል።»

«ቃልማ ሬዲዮም አለው» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። ግን ሐኪሙ ያለኝ ጆሮዬ ላይ አለ። በዚህ ማስክ ካልሆነ አትመጣም አልኩ። የቀላውን ማስክ አጣጥፈው መለሱልኝና «ይሁን» አሉ። እንዳያወልቁ አስማልኳቸው፤ አባቱን የሚያስምል ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ ግን አስማልኳቸው። ሰልፉንም ያን ዕለት በተንኩት።

አንባቢ እንዳይሰጋ አስቀድሜ ልናገር፤ አባቴ ዛሬም ደህና ናቸው። የእህቴም ልጅ በሰላም ተገላገለች፣ ሕፃኗ ዛሬ እየሮጠች የቅድመ አያቷን ጎመን ትነቅላለች። ስጋቱን እኔ ለሁላችንም ሰግቼ ጨርሼዋለሁ። ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። ማስክ አድርጋ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ በእጇ ፌስታል አንጠልጥላለች። ስቀበላት ውስጡ የተቀቀለ ቀይ ስር ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አባባ ይጉረሱት» አለችኝ። «እንደደረሰኝ በዓይኔ ልየው።»

ወሬው ቡራዩ ገብቷል። ምን እላታለሁ? በዓይን ካልታየ አይታመንም ብዬ አገሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በረንዳው ላይ ሁለት ሜትር ለክቼ በርጩማ አስቀመጥኩላት። ገና እንደተቀመጠች አንዴ ሳለች። «ትን ብሎኝ ነው» አለች ቶሎ ብላ፣ ፊቴን አይታ። ባለሱቋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ሂጂ ብላትም አትሄድም። አባቴ ቀይ ስሩን ጎረሱ፣ አላምጠው ዋጡ፣ ማስኩን ራሴ አጠለቅኩላቸው። ተነስተው ቆሙ።

እንደዚያ ቀን ሲመርቁ ሰምቻቸው አላውቅም። «ሁለቱን የወሰደ ይሄኛውን ይተውልሽ። ማህፀንሽ ይጽና። የያዝሽውን ለመሳም ያብቃሽ። ሌሊት እያለቀሰ እንቅልፍ ይንሳሽ። ጡትሽን ይንከስ። ዳዴ ሲል እየተከተልሽ ወገብሽን ይመምሽ።» ድምፃቸው በአራቱ ድርብ ውስጥ ታፍኖ ከጓዳ የሚመጣ ይመስላል። «ሆራ ቡላ!» አሉ። «አሜን!» አልን፤ ባለሱቋም ከአጥሩ ላይ «አሚን!» አለች። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።

ልጅቷ ነጠላዋን ከሆዷ ላይ አንስታ አየችው። ነጭ ነው። ገልብጣ አየችው። ልክ እንደ እኔ፣ ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው። ማስኬ ሥራውን ሠርቷል፤ ፋብሪካ ቢሆን ማህተም እመታበት ነበር። ነጠላውን መልሳ ሆዷ ላይ አለበሰችና በሁለት እጇ ያዘችው።

«አልደረሰም» አለች። ለእኛ አልነበረም የምትናገረው፤ ለሆዷ ነው።

አባቴ ይህን አልቻሉም። የለካሁትን ሁለት ሜትር በሁለት እርምጃ ጨረሱት። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ። «አባዬ፣ ምለዋል!» ብዬ ልጮህ ማስኬን ወደ አገጬ ሳብኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያኔ ሁላችንም ማስክ የምናወርደው ልንናገር ስንል ነበር። ማስካቸው ወረደ። ጉንጫቸው ተነፋ። ያችን የሳለች ልጅ፣ ያንን ሳንባ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አየሁና ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ።

እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። ሦስቱም ፊቴ ላይ አረፉ።

ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ በቅንድቤ ላይ ይወርዳል። ከአጥሩ ላይ «ያ አላህ!» የሚል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሳቅ ለማፈን የሚታገል ሰው ድምፅ። አባቴ «ውይ» አሉ። ከዚያ «ያንቺ አልነበረም» አሉኝ፣ ሰው ዕቃ ተሳስቶ እንደወሰደባቸው ሁሉ። ማስካቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ ኋላ አሉ። ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። አባቴን ልሰድብ፣ ልጅቷን ልሰድብ፣ ቀይ ስር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የተከለውን ሰው ልሰድብ አፌን ከፈትኩ።

ያኔ እጇ መጣ። ከበርጩማው ተነስታ፣ ዞራ ፊት ለፊቴ ቆማለች። መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈችና ቀስ አድርጋ ወደ ታች ጠረገችው። ከዚያ ያንን ቀይ መዳፍ በነጠላዋ ሥር አስገብታ ሆዷን አሸችበት። ተመልሳ ጉንጬን ጠረገች፤ ሆዷን አሸች። ሌላውን ጉንጬን ጠረገች። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ኪውሲ ያሳልፋል? እጇን ይዤ ወደ ቧንቧው ልጎትታት ይገባኝ ነበር። ግን መዳፏ ሞቃት ነው። በሩን ከዘጋሁ ወዲህ፣ እነዚያን ሁሉ ወራት፣ ፊቴን የነካኝ ሰው አልነበረም። ናፍቆኝ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት፤ እንባዬ ከቀይ ስሩ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ እሱንም ጠረገችው፣ እሱንም ሆዷ ላይ ቀባችው።

«አለቀ?» አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ማስኬን ከአገጬ ላይ አውልቄ ጣልኩት።

አገጬን ወደ እጇ አስጠግቼ «እዚህም አለ» አልኳት።